«ኮኔክትድ»ን በወጉ ለማድመጥ

የእንግሊዙ የሙዚቃ ቡድን ስቴሪዮ ኤምሲስ በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ኮኔክትድ» የተሰኘውን አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደምጥ ሰው፣ የሥራው ጉልበት ያለው ከታች ከቤዙና ከከበሮው ዘንድ በመሆኑ፣ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ትቶ ቤዝ በደንብ የሚያወጣ የጆሮ ማዳመጫ ቢጠቀም ይመረጣል።

በአልበሙ ስም የተጠራውን ዘፈን ሲከፍቱ በመጀመሪያው ዙር ግጥሙን ይተዉትና ቤዙን ብቻ ይከተሉ፤ ከጂሚ ቦ ሆርን የ1978 የዲስኮ ዘፈን የተወሰደ በመሆኑ፣ ዋናውን ፈልገው ጎን ለጎን ቢያደምጡት ቡድኑ ምን እንደወሰደና ምን እንደጨመረበት በግልጽ ይለያል። በሁለተኛው ዙር የቡድኑን ድምፃዊ የሮብ በርችን ራፕ ያስተውሉ፤ እንደ ብዙዎቹ ራፐሮች አይፎክርም፣ በንግግርና በዜማ መካከል ዘና ብሎ ይሄዳል፤ ሴት ድምፃውያኑም ከጎኑ ሆነው ዜማውን ያደምቁለታል።

ከዚያ ወደ «ስቴፕ ኢት አፕ» ይለፉ፤ እሱን እንኳ ቁጭ ብሎ መስማት ትርፉ ድካም ነው፣ ወንበሩን ገፋ አድርጎ መነሳት ይሻላል። በ1994 በብሪታንያው የሙዚቃ ሽልማት በብሪት ምርጥ የብሪታንያ አልበም መባሉን ለመረዳት ግን ሁለቱን ዘፈኖች ብቻ መርጦ ከመስማት ይልቅ አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተሉ ማድመጥ ያስፈልጋል።