በቆሎ በታጨደበት ማሳ ሳያርሱ ሽንኩርት መትከል፦ የአገዳ ጉዝጓዝ አያያዝ

ክረምት በቆሎ፣ በጋ በመስኖ ሽንኩርት በሚለማበት ማሳ፣ በጎጃም ቆጋን በመሰለ አካባቢ፣ ከባዱ ሥራ አገዳውን ከከብትና ከማገዶ አትርፎ መሬቱ ላይ ማቆየት ነው። ልቅ ግጦሽ ካለ ማሳውን ሳያጥሩ ወይም ከጎረቤት ጋር ሳይስማሙ አይጀምሩ።

የሽንኩርት ቅጠል ቀጭን ስለሆነ መሬቱን አያለብስም። ስለዚህ ጉዝጓዙ ከተከላ እስከ ምርት፣ ሦስት ወር ተኩል ገደማ፣ መቆየት ይኖርበታል። የጥራጥሬ ገለባ ናይትሮጅን ስለሚበዛበት ቶሎ በስብሶ መሬቱን ባዶ ያስቀረዋል። የበቆሎ አገዳ ግን ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ 60 እጥፍ ገደማ ስለሆነ ይቆያል፤ ለሽንኩርት የሚሻለው እሱ ነው።

ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) 10 ኩንታል ደረቅ አገዳ ይበቃል፤ በካሬ ሜትር 400 ግራም ማለት ነው። አንድ ካሬ ሜትር በገመድ ከልለው፣ ያለውን ሰብስበው ይመዝኑ። አገዳውን በገጀራ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆራርጠው በተክል መስመሮቹ መካከል በቁመት ያስተኙት። ከዚህ በላይ ካደቀቁት አፈሩን በደንብ ስለሚነካ መበስበሱ ይፈጥናል። ከችግኙ አንገት 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከተጠጋ አንገቱ ይበሰብሳል። ቦይ ውስጥ አይጨምሩ፤ ውሃው አንሳፎ ወስዶ ጫፍ ላይ ይደፍነዋል። በጠብታ መስኖ ከሆነ ቱቦው ከጉዝጓዙ በታች ይሁን፤ ላዩ ደርቆ ሲቆይ ታቹ ቀስ እያለ ይበሰብሳል። ቱቦው ተሸፍኖ ስለሚውል በየሳምንቱ ገለጥ አድርገው ቀዳዳው አለመደፈኑን ይዩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማዳበሪያው ላይ ነው። አገዳውን የሚያበሰብሱት ደቂቅ ተሕዋስያን በአገዳው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ስለማይበቃቸው ከአፈሩ ይሻማሉ። ዩሪያን ጉዝጓዙ ላይ መበተን ደግሞ አሞኒያ ሆኖ በንኖ እንዲጠፋ ማድረግ ነው። ጉዝጓዙን ገፋ አድርገው በተክሉ ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቅበሩት፣ አፈር ይመልሱበት። መጠኑን አይጨምሩ፤ የመጀመሪያውን ዙር ግን ሳያዘገዩ ይስጡ።

የታችኛው ቅጠል ቢገረጣ ወደ ዩሪያ አይሩጡ። ጣትዎን እስከ መጨረሻው አስገብተው አፈሩን ያውጡ። ጭቃ ሆኖ ከተጣበቀ ጥፋቱ ውሃ ነው፤ ጉዝጓዝ ትነትን ስለሚቀንስ የቀድሞው የማጠጫ ቀን ይበዛበታል። ረጠብ ብሎ የሚፈረፈር ከሆነ ግን የጎደለው ናይትሮጅን ሳይሆን አይቀርም።

የመበስበሱን ፍጥነት ለማወቅ፣ 50 ግራም ደረቅ አገዳ በሽንኩርት መረብ ከረጢት አስረው ከጉዝጓዙ ሥር ያኑሩ። ከወር በኋላ አጥበው፣ በፀሐይ በደንብ አድርቀው ይመዝኑ። ከ25 ግራም በታች ከወረደ እስከ ምርት አያደርስም፤ ውሃ እየበዛ እንደሆነ ያጣሩና በላዩ ያልተቆራረጠ አገዳ ይደርቡ። ከማጠብዎ በፊት አገዳውን በቅርብ ይዩት፦ በነጭ የሻጋታ ክር ተሸፍኖ ሲታጠፍ የሚለመጥ ከሆነ በስብሷል፤ ውስጡ ተቦርቡሮ አፈር ከሞላበት ግን ምስጥ ነው የበላው።