ካምፐር ይዞ ጫካማ ተራራ መውጣት፦ ምን ይበላሻል፣ ለምን፣ መፍትሄውስ?

ካምፐር፣ አልጋውንም ምድጃውንም ውሃውንም ተሸክሞ የሚሄደው መኪና፣ ሜዳ ላይ ጸባየኛ ነው። ተራራ ሲወጣ ግን አመሉ ይቀየራል። ስንት ጊዜ ሲሠራ የከረመ ፍሪጅ እምቢ ይላል፣ ጋዝ ሞልቶ ምድጃው አይነድም፣ ባትሪው ሳይነጋ ያልቃል። ብዙ ሰው ይሄኔ ዕቃው ተበላሸ ብሎ ቡሎን መፍታት ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም። ተራራ አየርና ሙቀት ይቀንሳል፣ ጫካ ደግሞ ፀሐይና ኔትወርክ ይከለክላል፣ እናንተ ከእነዚህ አንዱን ስታቅዱ ረስታችሁታል። ስለዚህ ይህን ችግሩ ሲመጣ ሳይሆን ከመነሳታችሁ በፊት አንብቡት።

«ዳገቱ ላይ መኪናው ጉልበት አጣ»

ምክንያቱ አየር ነው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም የሚስበው ያንሰዋል። ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 2400 ሜትር ላይ ሩብ ያህሉ ሄደ ማለት ነው፣ ያውም ቤት ሙሉ ዕቃ ተሸክሞ። ቱርቦ ያለው በጣም ይሻላል።

የሄደውን ጉልበት መመለስ አትችሉም፣ ክብደት መቀነስ ግን ትችላላችሁ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 200 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሞልቶ መውጣት ማለት ሦስት ትልልቅ ሰው ጨምሮ መጫን ነው። ማረፊያው ቦታ ውሃ ካለ ለመንገድ የሚሆን ብቻ ይዛችሁ ውጡና እዚያ ሙሉ። ግን ውሃ መኖሩን ደውላችሁ አረጋግጡ፣ ምክንያቱም ብዙ የተራራ ማረፊያዎች ብርድ ሲገባ ቧንቧው እንዳይፈነዳ ውሃውን ይዘጋሉ።

ሲነዱ ደግሞ ሞተሩ እስኪያቃስት አትጠብቁ፣ ማርሽ ቀድማችሁ ቀንሱ። የሙቀት ጌጁ ከፍ ማለት ከጀመረ ኤሲውን አጥፉና የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ላብ በላብ ትሆናላችሁ፣ ሞተሩ ግን ተጨማሪ ራዲያተር አገኘ ማለት ነው። ቀዩ ላይ ከደረሰ ወይም እንፋሎት ካያችሁ ዳር ይዛችሁ አጥፉት። የራዲያተሩን ክዳን ትኩስ እያለ የሚከፍት ሰው ፊቱን ይጠበሳል፣ በዚህ ቀልድ የለም።

«ቁልቁለት ላይ የሆነ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ»

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ሰው የሚገድለው በዋነኛነት ይሄ ነው።

ሽታው የፍሬን ሸራ ነው። እግራችሁን ፍሬኑ ላይ ሳታነሱ ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ የዚያ ሁሉ ክብደት ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀየራል፣ ሸራው ይግላል፣ መያዝ ይቀንሳል። ቀጥሎ የፍሬን ዘይቱ ይሞቃል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይሄ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ መስመሩ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። ከዚያ ፔዳሉ መጀመሪያ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ ወለሉ ድረስ ይሄዳል። ፍሬን በጠሰ የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ሽታው ሲጀምር ፔዳሉ ገና ጠንካራ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። የመጀመሪያው ሰፊ ቦታ ላይ ቁሙ፣ ጎማው ስር ታኮ አስገቡ፣ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ውሃ አትድፉበት፣ የጋለ ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል። ፔዳሉ ከለሰለሰ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ ርገጡት፣ ማርሽ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ያዙ። ለሸሸ መኪና ተብሎ የተሠራ የአሸዋ ወይም የጠጠር መውጫ ካያችሁም ሳታቅማሙ ግቡበት። መኪናው ይጎዳል፣ ይጎዳ።

መከላከያው ቀላል ነው። ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ፣ ሞተሩ ይጩህ፣ አይጎዳውም፣ የሞተር ዙር መቁጠሪያው ቀዩን እስካልነካ ድረስ። ፍሬኑን እየዳበሳችሁ አትውረዱ። ለምሳሌ በ50 ለመውረድ ካሰባችሁ 50 ሲሞላ ጠንከር አድርጋችሁ ወደ 40 አውርዱትና ልቀቁ፣ እንደገና 50 እስኪደርስ አትንኩት። በዚህ መሃል ፍሬኑ ይተነፍሳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ነጻ አድርጎ የሚወርድ ሰው ካወቃችሁ አብራችሁት አትሂዱ። ተሳቢ የምትጎትቱ ከሆነ የተሳቢው ፍሬን እንደሚይዝ ሜዳ ላይ፣ ቤታችሁ አጠገብ ሞክሩት። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ መቼ እንደተቀየረ የማታስታውሱ ከሆነ አሁን ቀይሩት።

«ጂፒኤሱ ያመጣኝ መንገድ ላይ ተቀርቅሬያለሁ»

ጂፒኤሱ ትንሽ መኪና የምትነዱ መስሎታል። አጭሩን መንገድ ይመርጣል፣ ጫካ ውስጥ ደግሞ አጭሩ መንገድ ብዙ ጊዜ የእንጨት መኪና የሚመላለስበት፣ መዞሪያ የሌለው ጠባብ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት መኪናውን በሜትር ለኩ። ቁመቱን ከመሬት እስከ ጣሪያው ሳይሆን ጣሪያው ላይ እስካለው ኤሲ ወይም አንቴና ጫፍ ድረስ ውሰዱ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉት፣ ድልድይ ስር ስትደርሱ ማሰቢያ ጊዜ የለም። ርዝመትም አለ። ማረፊያው «እስከ 9 ሜትር» ሲል ጎታቹን ጨምሮ ነው ወይስ ተሳቢውን ብቻ? ጠይቁ። ካርታውን ኢንተርኔት ሳለ አውርዱ፣ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ አትጠብቁ።

አንዴ ከተቀረቀራችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። አንድ ሰው ወርዶ ከኋላ ይምራ፣ በመስታወት እንዲታያችሁ ሆኖ። ቅርንጫፍ እንዳይኖር ወደ ላይም ማየቱን አትርሱ። ከኋላ ጎማ በስተኋላ የተረፈው የመኪናው ጅራት መሪ ስታዞሩ ወደ ተቃራኒው ጎን ይወጣል፣ ዛፍ የሚመታው እሱ ነው። ብርሃን ሳለ መድረስም የዚህ መፍትሄ አካል ነው። ተራሮች መሃል ፀሐይ ከሸንተረሩ ጀርባ የምትገባው ካሰባችሁት ቀድማ ነው።

«ፍሪጁ አይቀዘቅዝም»

መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንዳላችሁ እወቁ። እንደ ቤት ፍሪጅ እምም የሚል ድምፅ ካለው ኮምፕረሰር ነው፣ ከፍታም ዘመምታም ብዙ አያስቸግረውም፣ ችግሩ ባትሪ መብላቱ ነው። ድምፅ የሌለውና በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ውስጡ ያለው የአሞኒያ ፈሳሽ የሚዘዋወረው በስበት ብቻ ስለሆነ መኪናው ካዘመመ ፈሳሹ አንድ ቦታ ይጠራቀማል፣ መቀዝቀዙ ይቆማል፣ በዚያው ለረጅም ጊዜ ከሠራ ደግሞ ማሞቂያ ቱቦው ይቃጠላል። ይሄ የማይጠገን ጉዳት ነው።

ውሃ ልክ አምጡና በረዶ ቤቱ ወለል ላይ አስቀምጡት፣ የመኪናው ወለል ላይ አይደለም። አረፋዋ መሃል እስክትገባ ዝቅ ባለው ጎማ ስር ጣውላ ጨምሩ። ልኩ ትክክል ሆኖም ጋዝ ላይ የማይሠራ ከሆነ ከፍታውን ተመልከቱ። አምራቾች ከ1700 ሜትር አካባቢ በላይ የጋዙ እሳት አስተማማኝ ስላልሆነ በኤሌክትሪክ አሠሩት ይላሉ። ኤሌክትሪክ መስመር ያለው ቦታ መያዝ የሚያስፈልገው አንዱ ለዚህ ነው። ደግሞ ፍሪጁን በዋዜማው ቤት አቀዝቅዙት፣ የሞቀ ዕቃ ጭናችሁበት መንገድ ላይ እንዲያቀዘቅዝ አትጠብቁ።

«ሲሊንደሩ ሞልቷል፣ ምድጃው ግን አይነድም»

ውስጡ ያለው ቡቴን የሚባለው የጋዝ ዓይነት ነው። ቡቴን ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ሲል ወደ ጋዝነት መቀየር ያቆማል፣ ፕሮፔን የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይሠራል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ ታች ሞቅ ያለ ቀን ላይ መሆናችሁ አያታልላችሁ። መፍትሄው ፕሮፔን መያዝ ነው። ሲሊንደሩን በእሳት ወይም በፈላ ውሃ ማሞቅ መፍትሄ አይደለም፣ አደጋ ነው።

ምድጃው ነዶ ጥራጥሬው አልበስል ካለ ደግሞ ጋዙን አትውቀሱ። 3000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ፕሬሸር ኩከር ያዙ።

«ሶላር እያለ ባትሪው ያልቃል»

ጥላ። የፓኔሉ ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆነ አንድ ጥግ ላይ የወደቀ የቅርንጫፍ ጥላ ካሰባችሁት በላይ ያወርደዋል። ለጥላ ብላችሁ የመረጣችሁት ደስ የሚል ቦታ ነው ጉዳችሁ። ገላጣ ቦታ ላይ የምትዘረጉት ተንቀሳቃሽ ፓኔልና ረጅም ሽቦ ከጣሪያው ይልቅ ይጠቅማችኋል።

ሌላው ባትሪ የሚበላው ማሞቂያው ነው። በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያም ማራገቢያው ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። አስሉት፦ 6 አምፔር የሚወስድ ማራገቢያ ከ10 ሰዓት ሌሊት ግማሹን ከሠራ 30 አምፔር ሰዓት በላ። ባለ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ስለሚመረጥ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ከሆነ በእጃችሁ ያለው 50 ነው። መብራቱን ጨምሩበት፣ ስልኩን ጨምሩበት። ባትሪው ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.1 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ገደማ።

ባትሪያችሁ ሊቲየም ከሆነና በብርድ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ እያለ ምንም አልሞላ ካለ አትደንግጡ። ከዜሮ በታች መሙላት ስለሚጎዳው ብዙዎቹ ራሳቸው ይዘጋሉ። ውስጡን አሙቁት፣ ይቀበላል።

«ጠዋት መስኮቱ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ራሴንም አሞኛል»

ሁለት ነገር ናቸው፣ ግን አብረው ስለሚመጡ አብሬ ልጻፋቸው።

ውሃው ከትንፋሻችሁና ከምድጃው ነው። 1 ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ገደማ ውሃ ይወጣዋል። ብርድ ነው ብላችሁ ሁሉን ከዘጋችሁ መስኮቱ ላይ ያርፋል፣ ፍራሹ ስርም ይገባል። የጣሪያውን መተንፈሻ በጣት ስፋት፣ አንድ መስኮትም ትንሽ ክፈቱ። ብርዱን ትችሉታላችሁ።

ራስ ምታቱ የከፍታ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ከ2500 ሜትር በላይ ካደራችሁ። ከዚያ በላይ አትውጡ፣ እረፉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከባሰ ውረዱ። ግን ከዚያ በፊት ካርቦን ሞኖክሳይድ (ምድጃ፣ ከሰልና ጀነሬተር ሊያወጡት የሚችሉት ጋዝ) አለመሆኑን አረጋግጡ። ሁላችሁንም በአንድ ጊዜ ካመማችሁ፣ ውጭ ስትወጡ ከተሻላችሁ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያው ከጮኸ፣ ያ መርዝ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። ሁሉንም ሰው አውጡ፣ በሩን ክፈቱ፣ ጋዝና ጀነሬተር አጥፉ፣ ሐኪም ጥሩ። ምድጃ ክፍል ማሞቂያ አይደለም፣ ከሰል ደግሞ ውስጥ ጨርሶ አይገባም። ማንቂያው የማብቂያ ቀን ተጽፎበታል፣ ባትሪውን ብቻ ሳይሆን እሱንም እዩ።

ቶሎ ቶሎ የሚያልፉ

ጠዋት ውሃ አልመጣም፦ ውጭ ያደረው ጎማ ቧንቧ በረዶ ሆኗል። ማታ ታንከሩን ሞልታችሁ ቧንቧውን ንቀሉ።

መፀዳጃ ታንኩ አይወርድም፦ መውጫውን ክፍት ትታችሁት ፈሳሹ ቀድሞ ሄዷል፣ ወፍራሙ ቀርቷል። ዘግታችሁ ያዙት፣ ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ በተፈቀደ ቦታ ልቀቁ።

ጣሪያው ላይ ከባድ ነገር ወደቀ፦ የደረቀ ዛፍ ስር ቆማችኋል። ስትደርሱ ወደ ላይ እዩ፣ ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ጎማው ሰመጠ፦ ዝናብ የጠጣ የጫካ አፈር ከላይ ደረቅ መስሎ ይታያል። ነዳጅ መስጠት ጉድጓዱን ያጠልቀዋል እንጂ አያወጣም። ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ጥረጉ፣ ጣውላውን አስገቡ፣ ንፋሱን ትንሽ ቀንሱ፣ በዝቅተኛ ማርሽ በዝግታ ሞክሩ። አስፋልት ስትደርሱ ንፋሱን መልሱት።