የዓሳ ገንዳ አልጌ ሲወረው ዓሳውን ሳትጎዱ እንዴት ታጸዱታላችሁ

እኔ መጀመሪያ ጊዜ መስታወቱ በአልጌ (ውሃ ውስጥ በሚበቅለውና በሚጣበቀው ነገር) አረንጓዴ ሲሆንብኝ ሁሉንም አውጥቼ ጠጠሩንም ፊልተሩንም በቧንቧ ውሃ ፈትጌ አጥቤ በአዲስ ውሃ ሞላሁት፣ ሲታይ በጣም ያምር ነበር ግን ሳምንት ሳይሞላ 2 ዓሳ ሞተብኝ፣ እስካሁን ያሳዝነኛል። ለካ የፊልተሩ ስፖንጅ ላይ የዓሳውን ቆሻሻ የሚያብላሉ ጥሩ ባክቴሪያዎች አሉ፣ የቧንቧ ውሃው ክሎሪን ሲጨርሳቸው ከቆሻሻው የሚወጣው አሞኒያ የሚባል መርዝ ይጠራቀምና ዓሳው ይመረዛል። ስለዚህ እባካችሁ ሁሉንም ባንድ ቀን አትጠቡ።

ከዋዜማው ጀምሩ። የቧንቧ ውሃ በባልዲ ቀድታችሁ ሳትከድኑ ቢያንስ 24 ሰዓት ቤት ውስጥ አስቀምጡት፣ ክሎሪኑም ይወጣል፣ ጅማ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ውሃውም የቤቱን ሙቀት ይይዛል።

በማግስቱ መብራቱንና ፓምፑን ከሶኬት ንቀሉ። መስታወቱን ሳሙና ነክቶት በማያውቅ ስፖንጅ ጥረጉ፣ የደረቀውን ባሮጌ ኤቲኤም ካርድ ፋቁት። ቅጠል ላይ የተጠመጠመውን ክር የሚመስለውን አልጌ ደግሞ ባሮጌ የጥርስ ብሩሽ ልክ እንደ እንዝርት እያሾራችሁ ጠቅልሉት፣ ሙልጭ ብሎ ይወጣል።

ድንጋይ ላይ የተጣበቀው ጥቁሩ ፂም መሳይ ግን በብሩሽ አይለቅም። ድንጋዩን አውጡና ከፋርማሲ የሚገዛውን 3% ሃይድሮጂን ፔሮክሳይድ በስሪንጅ አልጌው ላይ ብቻ አንጠባጥቡ፣ ጓንት አድርጉ፣ 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ በደንብ አለቅልቁት፣ ከቀናት በኋላ ነጣ እያለ ይሞታል። በረኪና በፍጹም!

ከዛ በቀጭን ጎማ ከታች ያለውን ዝቃጭ እየሳባችሁ ከውሃው ሩቡን አውጡ፣ የፊልተሩን ስፖንጅ በዚሁ ባወጣችሁት ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት፣ የዋዜማውን ውሃ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ።

ዋናው ስራ ግን ከዚህ በኋላ ነው፣ አልጌ የሚኖረው በብርሃንና በተረፈ ምግብ ነውና። ክረምት ላይ ደመና ስለሆነ ቤቱ ይጨልማል ብለን የገንዳውን መብራት ከጠዋት እስከ ማታ እንለቀዋለን፣ 6 ሰዓት ይበቃል፣ ለምሳሌ ከቀኑ 8 እስከ ማታ 2። ገንዳው ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትም ይራቅ። ምግብ በቀን አንዴ፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ። ኤሌክትሪክ ብዙ ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ፊልተሩ ውስጥ የቆመው ውሃ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ደፍታችሁት አስነሱ።

አልጌ ይበላል ተብሎ ጅማ ካሉት ከቦዬ ወይም ከአዌቱ ወንዝ ቀንድ አውጣ ለቅሞ መጨመር ግን ይቅርባችሁ፣ በተለይ ልጆች እንዳይሄዱ፣ የወንዝ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያ ሊያስተላልፍ ይችላል።

በ2ኛው ሳምንት ትንሽ አረንጓዴ ተመልሶ ቢመጣ አትደንግጡ፣ በዛው መስታወት በምትጠርጉበት ስፖንጅ ጥረጉትና መብራቱን ሌላ 1 ሰዓት ቀንሱ።