ለምግብ ማቀነባበሪያ ክፍል የሚሆን መብራት ሲመረጥ

ለምግብ ማቀነባበሪያ መብራት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከካታሎግና ከዋጋ ይጀምራል፤ መጀመር የሚገባው ግን ከጽዳት ፈረቃው ነው። ምርት ከቆመ በኋላ ገብቶ ውኃው በምን ያህል ግፊትና ሙቀት እንደሚረጭ፣ የትኛው ኬሚካል እንደሚደፋ፣ ፍንጣቂውም እስከ ምን ከፍታ እንደሚደርስ ያየ ሰው የውሳኔውን ግማሽ እዚያው ጨርሷል።

አቧራና ውኃን የመከላከል አቅም «አይፒ» በሚባለው መለያ ይገለጻል። የመጀመሪያው አኃዝ የአቧራ ሲሆን፣ 6 ከሆነ አቧራ ጨርሶ አይገባም፤ ሁለተኛው የውኃ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ለሚወለወል ደረቅ ክፍል አይፒ 65 ይበቃል፤ በጎማ ቱቦ በኃይል ለሚታጠብ 66 ያስፈልጋል። ሙቅ ውኃ በከፍተኛ ግፊት በሚረጭበት ክፍል ደግሞ 69 ይመረጣል፤ ይህ ደረጃ የሚሰጠው 80 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ውኃ ከ80 እስከ 100 ባር በሚደርስ ግፊት ከቅርብ ተረጭቶበት ለተፈተነ መብራት ነው። ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት 67ን ከ66 የተሻለ አድርገው ሲቆጥሩ ነው። 67 መብራቱ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢጠልቅ ውኃ እንደማያበላሸው ይናገራል እንጂ ኃይለኛ ርጭትን ስለመቋቋሙ ምንም አይልም፤ ሁለቱንም የሚችል መብራት ሁለቱም ቁጥሮች ይጻፉበታል።

ቁጥሩ ግን ስለ ቅርጹ አይናገርም። ጠፍጣፋ ጀርባ፣ የተጋለጠ ብሎን ወይም ጎድጓዳ መገጣጠሚያ ያለው መብራት ውኃ ባያስገባም ዱቄትና ስብ ያጠራቅማል፤ ያ ደግሞ ቆይቶ የሚንጠባጠበው ከሥሩ ባለው ምግብ ላይ ነው። ስለዚህ ጀርባው ዘቅዛቃ፣ ገጹም ልሙጥ የሆነውን ይምረጡ። ለጽዳት የሚውለው ኮስቲክ ሶዳ ያልተሸፈነ አልሙኒየምን ስለሚበላ፣ ሶዳው በሚዘወተርበት ክፍል የማይዝግ ብረት ይሻላል፤ ጨውና ክሎሪን ካለም 316 የተባለው ዓይነት ከ304 ይልቅ ይቆያል።

መስታወት ከምግብ በላይ መሰቀል የለበትም ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ፍሎረሰንት ከሆነ ከስብርባሪው ጋር ሜርኩሪም ይወርዳል። በምትኩ የሚመረጠው የፖሊካርቦኔት ሽፋን በቀላሉ አይሰበርም፤ ሆኖም እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ ጠንካራ አልካሊ ሲደጋገምበት ስለሚሰነጣጠቅ የጽዳት ኬሚካሉን ስም ለአምራቹ ሰጥቶ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይገባል።

የብርሃኑ መጠን እንደ ሥራው ይለያያል። በሰፊው የሚሠራበት ልክ ለምርመራ ቦታ 540 ሉክስ፣ ለሥራ ክፍል 220፣ ለሌሎች ቦታዎች 110 ሲሆን፣ የሚለካውም ሥራው በሚከናወንበት ገጽ ላይ ነው። ሥጋ ወይም ፍራፍሬ በዓይን በሚለይበት ቦታ ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚገልጸው መለኪያ (CRI፣ ከፍተኛው 100) ከ90 በላይ ይሁን፤ ቀይን የሚያደምቅ ብርሃን የተበላሸ ሥጋን ትኩስ ያስመስላል።

ከጅምላ ግዢ በፊት አንድ ናሙና እጅግ በሚታጠበው ጥግ ይሰቀል። የበራ መብራት ይሞቃል፤ ጠፍቶ በቀዝቃዛ ውኃ ሲመታ ውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር በደካማ የጎማ ማሸጊያ በኩል እርጥበት ይስባል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኤሌክትሪኩ ይቋረጥና ሽፋኑ ተከፍቶ ውስጡ በደረቅ ሶፍት ይጠረግ፤ ሶፍቱ ከረጠበ ናሙናው ለሻጩ ይመለሳል።