ደሴ ላይ የሚና ጨዋታ ቡድን ስትመሠርቱ፦ ዲ ኤንድ ዲ ስንተኛ ይምጣ?

ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ገጸ ባሕሪ ተላብሶ የሚጫወቱትን የሚና ጨዋታ ብዙ ሰው የሚያውቀው በአንድ ስም ነው፦ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ባጭሩ ዲ ኤንድ ዲ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ይህ ጨዋታ የዘርፉ በኩር ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ አዲስ ቡድን የሚያቋቁም ሰው ሌላው ዓለም የሌለው ዕድል አለው፤ ተጫዋቾቹ ገና ልማድ አልያዙም። ትልቁ ጨዋታ ይምጣ፣ መምጣትም አለበት፤ አንደኛ ግን አይምጣ። የስድስት እሑድ ዕቅድ ከዚህ በታች አለ።

መጀመሪያ ምክንያቱ። የዲ ኤንድ ዲ ሕግ ሰፊው ክፍል ስለ ውጊያ ነው፤ ገጸ ባሕሪው ሲያድግ የሚያገኘው ችሎታም አብዛኛው ለውጊያ ነው። በዚህ የጀመረ ተጫዋች ዘበኛውን በዘፈን ማዘናጋት ሲያምረው ቀና ብሎ ከመናገር ይልቅ የገጸ ባሕሪው ችሎታ የተጻፈበትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ያስሳል። እዚያ ካልተጻፈ “አይቻልም” ብሎ ይተወዋል። ይህ ልማድ ከአንድ ጨዋታ ወደ ሌላው አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ የሚከብደው ነው፦ ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት ይዞ የጀመረ ሰው ሌላውም ጨዋታ ሁሉ ይህን ያህል ጥናት የሚጠይቅ ይመስለዋል፣ ስለዚህ አይሞክረውም። ብዙዎቹ ግን በአጭር ጊዜ ይገባሉ። የአንዱ ጨዋታ የበላይነት የተፈጥሮ ሕግም አይደለም። ጃፓን ውስጥ ከዲ ኤንድ ዲ ይልቅ የሚዘወተረው ኮል ኦቭ ክቱሉ የሚባለው አስፈሪ ምስጢር የሚመረመርበት ጨዋታ ነው፤ ጀርመኖች ከ1984፣ ስዊድኖች ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሳቸው ትልቅ ጨዋታ አላቸው። በገዛ ቋንቋ የደረሰው ሥር ይሰዳል።

ዕቃው ትንሽ ነው። ከሉዶ ሳጥን ሁለት ዳይስ፣ እርሳስ፣ አምስት ወረቀት፣ ከአንድ ዓይነት ካርቶን በእኩል መጠን የተቆረጡ ከ1 እስከ 20 ቁጥር ያላቸው ቁራጮች፣ አንድ የማያሳይ ኩባያ። ዲ ኤንድ ዲ የሚጠይቀውን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ካላገኛችሁ ቁራጮቹ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ፤ የወጣውን ቁራጭ ወደ ኩባያው መልሳችሁ ሳትንጡ ሌላ አታውጡ። ካልመለሳችሁት ቀጣዩ ዕጣ ከ20 ሳይሆን ከ19 ይሆናል፣ 20 አንዴ ከወጣም ዳግም አይወጣም።

አራት ተጫዋችና ትዕይንቱን የሚተርክ አንድ መሪ ይበቃል። ስድስት ሲሆኑ ተራ መጠበቁ ያሰለቻል፣ ሰው ስልኩን ያወጣል። ከ8 እስከ 11 ሰዓት ጥሩ ነው፤ በክረምት ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ የኮምቦልቻ ልጆች ሳይመሽባቸው መመለስ አለባቸው። ቡና ከተፈላ አቦል ላይ ገጸ ባሕሪ ሥሩ፣ በረካ ሲቀዳ ትዕይንቱን ዝጉ። ሦስት ሰዓት የሚበቃው እንዲህ ሲከፋፈል ነው።

አንደኛና ሁለተኛው እሑድ ሕጉ አጭር የሆነ የአንድ ትንሽ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ጉልበት፣ ብልሃት፣ አንደበትና ትዕግሥት ለሚባሉ አራት ነገሮች +2፣ +1፣ 0 እና -1 ያከፋፍላል። ውጤቱ አጠራጣሪ የሆነ ነገር ሲሞክር ሁለት ዳይስ ይጥላል፣ ተገቢውን ቁጥር ይደምራል። 10 እና ከዚያ በላይ ተሳካ፤ ከ7 እስከ 9 ተሳካ ግን ያስከፍላል፤ 6 እና ከዚያ በታች መሪው ችግር ያመጣል። ይህ ስሌት በ2010 እ.ኤ.አ. ከወጣው አፖካሊፕስ ወርልድ ከተባለው የሚና ጨዋታ የተወረሰ ነው። ከ36ቱ የዳይስ አወዳደቅ በ0 ስትጥሉ 6ቱ ሙሉ ስኬት፣ 15ቱ በዋጋ፣ 15ቱ ችግር ናቸው። በ+2 ይገለበጣል፦ 15 ሙሉ ስኬት፣ 15 በዋጋ፣ 6 ችግር።

ቦታውን ከራሳችሁ አገር ውሰዱ። ለምሳሌ ከባቲ ገበያ አሞሌ ጭነው ወደ ደሴ የሚወጡ ሲራራ ነጋዴዎች። መሪው እንዲህ ይከፍታል፦ “ሐረጎ ላይ ጉሙ ወፍሯል። የፊተኛዋ በቅሎ ቆማለች፣ አልንቀሳቀስ ብላለች። ከጉሙ ውስጥ የሰው ሳል ይሰማል። ምን ታደርጋላችሁ?” አንዱ “አብሽር፣ ሰላማዊ ነን ብዬ እጣራለሁ” ይላል። በአንደበት +1 አለው፤ 4 እና 3 ወጣለት፣ 8። በዋጋ ነው። “አንድ ሽማግሌ ይወጣሉ፤ መንገዱ መናዱን ይነግሯችኋል። በሌላው በኩል ላሳልፋችሁ ይላሉ፣ ግን ለልጆቼ አንድ አሞሌ ስጡኝ።” ተጫዋቾቹ ሳይዋጉ ትዕይንቱ ወደፊት ሄደ። እዚህ ላይ ጀማሪ መሪዎች የሚሳሳቱት 8ን እንደ ውድቀት በመቁጠር ነው። የተፈለገው ነገር ይሰጣል፤ ዋጋው ይጨመራል እንጂ።

ሦስተኛ፣ አራተኛና አምስተኛው እሑድ የዲ ኤንድ ዲ ናቸው። መጽሐፍ አትግዙ። የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ሰነድ፣ ኤስ አር ዲ 5.1፣ በነጻ ይወርዳል። ወደ 400 ገጽ ስለሆነ በሙሉ አታትሙት፤ የተዋጊ፣ የካህን፣ የሌባና የአስማተኛ የመጀመሪያ ደረጃ ብቻ በእጅ ገልብጡ። መብራት ቢጠፋም ወረቀቱ አለ። ባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር 5 በመቶ ነው፤ +2 ያለው ሰው 15 መድረስ ካለበት 13 እና በላይ ማውጣት አለበት፣ ዕድሉ 40 በመቶ ነው። ትንሹን ጨዋታ ከተጫወቱ በኋላ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል፦ እዚህ ሳይሳካ ሲቀር ብዙ ጊዜ ምንም አይፈጠርም፣ ተራው ወደ ሌላ ያልፋል። ስለዚህ መሪው በር አልከፈት ሲል “አልተከፈተም” ብሎ አይቁም፤ ከውስጥ የሚሰማ ኮቴ ይጨምር።

የመጀመሪያው ውጊያ ቡድኑን እንዳይፈጅ ተጠንቀቁ። ጎብሊን የሚባለው ትንሽ ጭራቅ 7 የሕይወት ነጥብ አለው (ነጥቡ ሲያልቅ ይወድቃል)፣ ሲመታ ባለ 6 ዳይስ ሲደመር 2 ይጎዳል። ጀማሪ አስማተኛ የሚኖረው ከ6 እስከ 8 ያህል ነጥብ ነው፤ አንድ ጥሩ ምት ይጥለዋል። አራት ጎብሊን በአራት ጀማሪ ላይ በ2014ቱ የጨዋታው ስሌት “ገዳይ” ይባላል። ሁለት አድርጉ።

ስድስተኛው እሑድ የኮል ኦቭ ክቱሉ ነው፤ አሳታሚው ኬኦሲየም ነጻ የጀማሪ ሕግ አለው። እዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር ነው የሚፈለገው። ክህሎታችሁ 60 ከሆነ ከ100 ውስጥ 60 እና በታች ማውጣት፣ ለከባድ ነገር ግማሹ 30፣ እጅግ ለከበደው አንድ አምስተኛው 12። ቁራጮቹን ከ0 እስከ 9 አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ አውጡ፣ የመጀመሪያው አሥር ቤት፣ ሁለተኛው አንድ ቤት፤ ሁለት ዜሮ 100 ነው። መዋጋት እዚህ አያዋጣም፣ መመርመር እንጂ። ከዲ ኤንድ ዲ ቀጥሎ የመጣው ሆን ተብሎ ነው፤ “ምቱት” የሚለውን ልማድ ሳይደርቅ ይሰብረዋል።

ከዚያ ቡድኑ የሚቀጥልበትን ይምረጥ። ዲ ኤንድ ዲን ቢመርጥ ጥሩ ነው፤ ነገ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሄደ ተጫዋች ጠረጴዛ የሚያገኘው በቀላሉ በእሱ ነው፣ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው።

የራሳችሁን ጽሑፍ የምታዘጋጁ ከሆነ ግን ፈቃዱን እወቁ። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ባለቤቱ ኩባንያ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ከ2000 ጀምሮ ሌሎች አሳታሚዎች የተደገፉበትን ክፍት ፈቃድ ሊቀይር ያዘጋጀው ረቂቅ ሾልኮ ወጣ። ከባድ ተቃውሞ ተነሣ፤ በዚያው ወር ኩባንያው ተመልሶ ኤስ አር ዲ 5.1ን በክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ 4.0 ለቀቀ። ይህ ፈቃድ ወደ አማርኛ መተርጎምንም መሸጥንም ይፈቅዳል፤ የሚጠይቀው ምንጩን፣ የፈቃዱን ስምና የለወጣችሁትን ነገር መጥቀስ ነው። በሰነዱ ውስጥ የሌለውን ከተሸጡት መጻሕፍት አትቅዱ። የሲራራ ነጋዴዎቹን ታሪክ፣ ካርታውንና የሰዎቹን ስም ከጨዋታው ሕግ ለይታችሁ በሌላ ደብተር ጻፉ፤ ሕጉን በሌላ ስትተኩት ታሪኩ እንዳለ ይተርፋል።