የቤት ሰርቨራችሁ በድሬ ሙቀት እንዳይጠበስ፦ ዋቱን እንዴት እንደምትቀንሱ

ሰርቨሬ ሳሎን ቡፌው ላይ ነው የሚቀመጠው። ሰርቨር ስል ሳይጠፋ እየሠራ ለቤቱ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ፋይል የሚያቀርብ ኮምፒውተር ነው፤ የእኔው መዝገበ ቃላት የሚያክል ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ነው። የቤተሰቡ ፎቶ፣ ፊልሙ፣ የወንድሜ ሱቅ ሂሳብ፣ ሁሉም እሱ ላይ ነው። ግንቦት ሲገባ በየቀኑ ከሰዓት ላይ ድርግም ማለት ጀመረ። ሄጄ ሳየው እናቴ አቧራ እንዳይገባበት ብላ ዳንቴል አልብሳዋለች። እኛ ሽርጥ ታጥቀን በረንዳ ላይ ስንወጣ እሱ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል።

ዳንቴሉን አነሳሁት። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፣ አላለቀም።

የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ሥራ የሚሠራው ዋናው ቺፕ፣ ሙቀት ማለት የክፍሉ ሙቀት ሲደመር ማሽኑ ራሱ የሚጨምረው ነው። ማራገቢያ ቀዝቃዛ አየር አይፈጥርም፤ ያለውን ነው የሚያመላልሰው። ክፍሉ 36 ዲግሪ ከሆነ የሚነፋውም 36 ዲግሪ ነው። ኤሲ ያለው ሰው ይህን ይለፈው። ለቀረነው ግን ክፍሉን ማቀዝቀዝ ስለማንችል፣ መቀነስ የምንችለው ማሽኑ የሚጨምረውን ነው። ኮምፒውተር ደግሞ የበላውን ኤሌክትሪክ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ስለዚህ ዋት ስትቀንሱ ሙቀቱም ሂሳቡም አብረው ይወርዳሉ።

መጀመሪያ ለኩ

ሶኬት ላይ የሚሰካ ዋት መለኪያ ካገኛችሁ ጥሩ። እኔ አላገኘሁም፣ በቤቱ ቆጣሪ ለካሁ። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ፊቱ ላይ ተጽፏል። የእኛ 1600 ይላል፤ የእናንተ ሊለይ ይችላል።

ከሰርቨሩ በቀር ሁሉንም ንቀሉ፣ ፍሪጁንም ጭምር። ከዚያ ከአንዱ ብልጭታ እስከ ቀጣዩ ያለውን ሰከንድ ቁጠሩ። 3,600,000ን መጀመሪያ ለ1600፣ ቀጥሎ ለሰከንዱ አካፍሉት። የሚወጣው ዋቱ ነው። የእኔ 72 ሰከንድ ፈጀ፤ 31 ዋት ማለት ነው። ያውም ምንም ሳይሠራ! በ30 ቀን 22 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የታሪፉ ዋጋ ፍጆታ ሲያልፍ በደረጃ ስለሚጨምር ይህች ትርፍ ወደ ላይኛው እርከን ልትገፋችሁ ትችላለች።

ማሽኑ የሚሠራበት ሲስተም ሊኑክስ ከሆነ ኤልኤም ሴንሰርስ የሚባለውን ፕሮግራም ጭናችሁ የፕሮሰሰሩን ሙቀት በወረቀት ያዙ። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ።

ባዮስ ውስጥ ግቡ

ባዮስ ማሽኑ ሲነሳ፣ ሲስተሙ ከመጀመሩ በፊት የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ ነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚህ ነው፣ ምንም ወጪም የለውም። ፕሮሰሰሩን ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ የሚያስሮጠውን ተርቦ ቡስት የሚለውን አጥፉት። ከድሬ ወደ ሐረር ደንገጎን የወጣ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሚኒባሱ ቀስ ብሎ ቢወጣ በሰላም ይደርሳል። ሹፌሩ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ከረገጠ ግን የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ሞተሩ ግን ይፈላል። ፕሮሰሰርም እንዲሁ ነው። ለመጨረሻዋ ፍጥነት ቮልቴጅ መጨመር አለበት፣ ኃይሉ ደግሞ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። ፎቶ ለሚያስቀምጥ ሰርቨር ያች ፍጥነት ምንም አታደርግለትም።

እዚያው ሳላችሁ ሲ ስቴትስ የሚለው እንዳልጠፋ አረጋግጡ። ሥራ ሲያጣ ፕሮሰሰሩን የሚያስተኛው እሱ ነው። ያገለገለ ዕቃ ላይ ጠፍቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ፣ የእኔም ጠፍቶ ነበር። ሰርቨሩ በኬብል ከተገናኘ ዋይፋይና ብሉቱዙን፣ እንዲሁም ድምፁን ዝጉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን ምርጫም አትርሱት።

ቀጥሎ ፓወርቶፕ የሚባለውን ፕሮግራም አስነሱ። የትኛው ክፍል ሳይተኛ እንደሚያድር ያሳያል፣ ሁሉንም ባንዴ ማስተካከልም ይችላል። ማሽኑ ሲጠፋ ግን ማስተካከያው አብሮ ይጠፋልና በተነሳ ቁጥር እንዲሠራ አድርጉት።

ዲስኩ

የእኔ ሌላው በላተኛ በዩኤስቢ የተሰካው ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ነበር። እየተሽከረከረ ብቻ 5 ዋትና ከዚያ በላይ ይበላል። ባለ 2.5 ኢንቹ 1 ወይም 2 ዋት ይበቃዋል፣ ሥራ የፈታ ሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ) ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ1 ዋት በታች ነው። ሲስተሙንና ዕለታዊውን ነገር ኤስኤስዲ ላይ አድርጉ። ትልቁን ዲስክ ኤችዲፓርም በሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ 20 ደቂቃ ካልተነካ እንዲቆም እዘዙት። አንድ ፕሮግራም በየአምስት ደቂቃው የሚቀሰቅሰው ከሆነ ግን ሲነሳ ሲተኛ ቶሎ ያረጃል። መጀመሪያ ቀስቃሹን ፈልጉ።

ፊልሙን ወደ ስልክ የሚያስተላልፈው ፕሮግራም ላይም አንድ ነገር አለ። ስልካችሁ ፋይሉን እንዳለ ማጫወት ከቻለ ቪዲዮውን እያጫወተ ወደ ሌላ ፎርማት መቀየሩን አጥፉት። የእኔ ፕሮሰሰር 84 ዲግሪ የሚደርሰው በዚህ ሰበብ ነበር። መቀየር ግድ ከሆነ በግራፊክሱ፣ ማለትም ምስል በሚሠራው ክፍል፣ በኩል ይሁን፤ ኢንቴል ከሆነ ኩዊክ ሲንክ ይባላል። ባካፕና ሌላውን ከባድ ሥራ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቅጠሩት። ድሬም እንኳ ያን ጊዜ ትተነፍሳለች።

አቧራና ቦታ

ንቀሉ፣ ክፈቱ፣ በለስላሳ ብሩሽና በንፋስ አጽዱ። ንፋስ ስትነፉ ማራገቢያውን በጣት ያዙት፣ እንዳይሽከረከር። የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት) በአልኮል ጠርጉና አዲሱን የአተር ፍሬ በምታክል መጠን አድርጉ። አልኮል ስል የመድኃኒት ቤቱን ነው፣ አረቄውን ለእንግዳ ተዉት።

ቦታን በተመለከተ፦ ቁምሳጥን አናት ላይ አታስቀምጡ፣ ከቆርቆሮው የሚወርደው ሙቀት እዚያ ነው የሚከማቸው። የማታ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳም አይሆንም። ራውተሩንና አዳፕተሩን ከላዩ አንሱለት፣ እነሱም ይሞቃሉ። አንዱ ጎረቤቴ ፍሪጅ ውስጥ ብታስገባውስ አለኝ። አቦ፣ እንዳትሞክሩት! ሲወጣ ውኃ ያልበዋል።

ይህን ሁሉ ጨርሼ ቆጣሪውን ስቆጥር በብልጭታዎቹ መካከል 173 ሰከንድ ሆነ፣ 13 ዋት። በዚያው ከሰዓት፣ በዚያው ፊልም፣ ፕሮሰሰሩ 58 ዲግሪ ላይ ቆመ።

ዩፒኤስ ካላችሁ

ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ ነው። መብራት ሲሄድ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ትንንሾቹ ዩፒኤሶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው፤ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት፣ በተግባር ከዚያ በጣም ያንሳል። የእኔ ድሮ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያበቃ ነበር፣ አሁን ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል። በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር አገናኙትና ባትሪው ሊያልቅ ሲል ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ አድርጉ።

ባትሪው ግን ከኮምፒውተሩ ይልቅ ሙቀት ይፈራል። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዕድሜው የሚቆጠረው በ25 ዲግሪ ታስቦ ነው፣ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ዩፒኤሱ ከሰርቨሩ ርቆ፣ ወለሉ አጠገብ፣ ጥላው ጋ ይቀመጥ። እኛ ቤት የውኃ እንስራው ጎን ነበር የሚቀዘቅዘው ቦታ፣ እናቴ ግን ውኃና መብራት አይቀራረቡም ብላ ከለከለችኝ። እውነቷን ነው። አሁን መኝታ ቤቱ በር ኋላ ነው ያለው።