የመርሳት ሕመምተኞችን የሚያስታምሙ ጥቁር አሜሪካውያንን ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዕድሜያቸው የገፋ ጥቁር አሜሪካውያን በአልዛይመርና በሌሎች የመርሳት ሕመሞች የመያዝ ዕድላቸው ከነጭ እኩዮቻቸው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ለአስታማሚ ቤተሰቦቻቸው የሚሰጠው ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ ለሌላ ሰው ተዘጋጅቶ የሽፋን ፎቶው ብቻ የተቀየረ ነው። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው።

ደጋግሜ ያየሁትና እኔም የፈጸምኩት ሁለተኛው ስህተት፣ አረጋውያንን ያለ ማዕረግ በስማቸው ብቻ መጥራት፣ ከሁሉም ይከፋል። አንድ ቀን ልጃቸው ወደ ሥልጠናው ያመጣቻቸውን፣ ነጭ ጓንታቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው የተቀመጡ እናት፣ ሆስፒታል ውስጥ እንደለመድኩት በስማቸው ጠራኋቸው። ልጅቱ ወዲያው ደብተሯን ዘጋች፤ እስከ መጨረሻውም አልከፈተችውም። በዘር መድልዎ ዘመን በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ነጮች ለጥቁሮች «ሚስተር» እና «ሚስ» ማለትን ይነፍጓቸው ነበር። የመብት ታጋይዋ ሜሪ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1963 በአላባማ ፍርድ ቤት «ሜሪ» ተብላ ስትጠራ አልመልስም በማለቷ፣ ችሎት ደፍረሻል ተብላ 5 ቀን እስራትና 50 ዶላር መቀጮ ተፈረደባት፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረው በ1964 ነው። የመርሳት ሕመም የትናንቱን ቀድሞ ወስዶ የልጅነቱን ለረጅም ጊዜ ስለሚያቆይ፣ እኚያ እናት በእኔ ድምፅ ውስጥ የትኛውን ዘመን እንደሰሙ ማሰብ እስከ ዛሬ ያሳምመኛል። አንቱታን ከእናቱ የተማረ ኢትዮጵያዊ ነርስ ይህን ማንም ሳይነግረው ሊያውቀው ይገባ ነበር።

በሕክምናና በምርምር ላይ ያላቸውን ጥርጣሬ እንደ አላዋቂነት አትቁጠሩባቸው። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1932 እስከ 1972 በአላባማ ግዛት በምትገኘው ተስኪጊ፣ ቂጥኝ የያዛቸውን 399 ጥቁር ወንዶች፣ ፔኒሲሊን በሽታውን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላ እንኳ ሳያክም ሲከታተላቸው ኖሯል። ስለ ምርምር ከማውራታችን በፊት ይህን ታሪክ ራሳችን ልናነሳው ይገባል።

ቅጹ ላይ «ዋና አስታማሚ» ብላችሁ አንድ መስመር ብቻ አታስቀምጡ፤ ሴት ልጅ ታማሚውን ታጥባለች፣ የልጅ ልጅ ሐኪም ቤት ያደርሳል፣ የቤተ ክርስቲያን እኅት ምግብ ታመጣለች፤ ሁሉንም ጥሯቸው። ረቡዕ ማታ ግን በብዙ አብያተ ክርስቲያናቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አለና ትምህርት አትያዙበት።

ለመርሳት ሕመም ስለሚያጋልጠው ደም ግፊት ስታስተምሩም ኮላርድ የሚሉትን ጎመናቸውን አታስጥሏቸው። ጨው በበዛበት የአሳማ ሥጋ ፋንታ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጤ እንዴት እንደሚቀቀል፣ ከመካከላቸው በሙያዋ የታወቀች አንዲት እናት ምድጃው ዘንድ ቆማ ታሳያቸው።